ለፍቅር ብቻ የሚያነሱ ሰዎች የትኛውን ካሜራ ነው የሚወዱት? በጀቴ 1000 ዶላር ነው

ማለዳ_አንሺ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ አንብቤ ብዙ ቪዲዮ ካየሁ በኋላ ይበልጥ ስለተደናገርኩ ነው የምጠይቃችሁ። የአክስቴ ልጅ ለገና ከሜሪላንድ ይመጣል። ካሜራ ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቷል፣ ገንዘቡ ግን የኔ ነው። ዕቁብ ደርሶኝ ያስቀመጥኩት በአሁኑ ምንዛሬ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ የለኝም።

እስካሁን የማነሳው የጓደኛዬን ካነን 600ዲ እየተዋስኩ ነው፣ አብሮት ከመጣው ሌንስ ጋር። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ከፎቶ ጋር አይገናኝም። የማነሳው ስለምወደው ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ሰፈር ውስጥ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን። ባለፈው የገና ሌሊት አንዲት እናት ጧፋቸውን ንፋስ እንዳያጠፋባቸው በነጠላቸው ጫፍ ከልለው ቆመው ነበር። ብርሃኑ ከታች አገጫቸውንና የነጠላውን ጥለት ብቻ ያበራል። አስፈቅጄ 14 ጊዜ አነሳኋቸው። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንዱም ጥርት ብሎ አልወጣም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለገንዘብ ሳይሆን ፎቶ ስለሚወዱ ብቻ የሚያነሱ ሰዎች ዛሬ የትኛውን ካሜራ ነው የሚወዱት? ለምን? አንዱ ፉጂ ይላል፣ ሌላው ሶኒ፣ ሌላው ካነንን የሚያህል የለም ይላል። «ሁሉም ጥሩ ነው» እንዳትሉኝ እባካችሁ።

ባለ_ሰርጉ

እህቴ፣ እኔ 11 ዓመት ሰርግ ያነሳሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የጠየቅሽው ዓይነት ሰው አይደለሁም። የጧፉ ነገር ግን ልቤን ነካው።

ስለ ተወዳጅነት ከጠየቅሽ፣ ሌንሳቸው በሚቀያየር ካሜራዎች ገበያ ካነን ራሱ በሚያወጣው መረጃ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ አንደኛ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። አዲስ አበባም እኔ የማውቃቸው አንሺዎች አብዛኞቹ የያዙት ካነን ነው። ጥቅሙ ስሙ አይደለም። ሌንስ ትዋሻለሽ፣ ባትሪ ትዋሻለሽ፣ ቻርጀር ቢበላሽብሽ ከአንዱ ታገኛለሽ። ካነን ኢኤፍ የሚላቸው ሌንሶች በ1987 ነው የወጡት። ያኔ የተሠራ ሌንስ ዛሬም 600ዲው ላይ ይገጥማል፣ በአዳፕተር ደግሞ አዲሶቹ ሚረርለሶች (ውስጣቸው የሚነሳ መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) ላይ ይሠራል።

አሁን ወደ ጧፉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፎቶውን ያበላሸብሽ ካሜራው ሳይሆን ሌንሱ ነው። አብሮት የመጣውን ኪት ሌንስ ወደ 55 ሚሜ ስትስቢው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሹ ሌንስ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በ1/10 ሰከንድ ታነሺ የነበረውን በ1/100 ታነሺዋለሽ ማለት ነው። በ1/10 ሰው ቆሞ ሲተነፍስ እንኳ ፎቶው ላይ ይታያል፣ በ1/100 ግን ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ካነን በ2015 ያወጣው የዚህ ሌንስ ዓይነት 160 ግራም ብቻ ነው። ዋጋውም ከሁሉም ሌንሶች ዝቅተኛው አካባቢ ነው።

ምርጫዬ ያገለገለ ካነን 6ዲ ነው። የ2012 ካሜራ ነው፣ 20 ሜጋፒክስል፣ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል (ሴንሰሩ) የድሮውን ፊልም ያህላል። ሴንሰሩ ከ600ዲው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰፋል፣ ጨለማ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሻል። ከ50 ሚሜው ጋር ተገዝቶ ከበጀትሽ ግማሹ ገደማ ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን እወቂ። የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር አንድ ካርድ ብቻ በሚይዝ ካሜራ የአንድ ቤተሰብ መልስ አንስቼ ማታ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ካርዱ ሞቷል። የሙሽራዋ አያት ስትመርቃት፣ ሙሽራዋ ጉልበት ስማ ስትነሳ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ቀረ። አያትየዋ በዓመቱ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ካርድ ከማይዝ ካሜራ ጋር ሰርግ ቤት ገብቼ አላውቅም። አንቺ ለራስሽ ስለምታነሺ ያን ያህል አያሰጋሽም፣ ግን በየቀኑ ገልብጪ።

ፍራንክፈርት_ጎዳና

ባለ ሰርጉ ስለ ሌንሱ ያለው ልክ ነው፣ ግን የጠየቀችው ለፍቅር የሚያነሱት ምን ይወዳሉ ነው። እዚያ ላይ መልሱ ፉጂ ነው። እኔ ሳላጋንን ነው የምለው።

ኤክስ100 የሚባለው የፉጂ መስመር በ2010 ተዋውቆ በ2011 ነው ገበያ ላይ የወጣው። ሌንሱ አይቀየርም፣ አንድ 23 ሚሜ ኤፍ 2 ተገጥሞበት ነው የሚመጣው። በ2020 የወጣው ኤክስ100ቪ ዓመታት ካለፉ በኋላ ቲክቶክ ላይ ታየና ከየሱቁ ጠፋ፣ ያገለገለው ከአዲሱ ዋጋ በላይ ተሸጠ። የካቲት 2024 ላይ ኤክስ100 ሲክስ በ1599 ዶላር ወጣ። 40 ሜጋፒክስል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ሴንሰር። እኔም ተመዝግቤ ወራት ጠብቄ ነው ያገኘሁት።

ሰው ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ለምንድነው? ካሜራውን ሳታበሪው ከላይ አይተሽ ምን ላይ እንደተቀመጠ ታውቂያለሽ። የሻተር (ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነቱ መደወያ ላይ ተጽፏል፣ የሌንሱ ቀዳዳ ቀለበት ላይ ተጽፏል። ሜኑ ውስጥ አትገቢም። ፉጂ ከ1934 ጀምሮ ፊልም ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው፣ የፊልሞቹን ቀለም ካሜራው ውስጥ አስገብቶታል። ክላሲክ ክሮም የሚባለው የቀለም ምርጫ ላይ አድርጌ ያነሳሁትን ሳልነካው ነው አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምልከው። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ቀለም ማስተካከል አልፈልግም፣ በዚህ ካሜራ ምክንያት ነው ፎቶ ማንሳት ያላቆምኩት።

ላንቺ በጀት ኤክስ100 ሲክስ አይሆንም። ያገለገለ ኤክስ-ቲ3 ግን ይሆናል። የ2018 ነው፣ 26 ሜጋፒክስል፣ አካሉ አቧራና እርጥበት ይከላከላል፣ ሁለት ካርድ ይይዛል። ከሱ ጋር 35 ሚሜ ኤፍ 2 ይግዛልሽ። ይህ ሌንስ ሁለት ዓይነት ነው። ኤክስኤፍ የሚባለው ብረት ነው፣ ኤክስሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። መስታወቱ አንድ ነው፣ ፎቶው አንድ ነው። ኤክስሲው ቀለበት የለውም፣ ዋጋው ግን በጣም ይወርዳል። እሱ ካልሆነ ከሺህ ዶላር ልታልፊ ትችያለሽ።

ኪስ_ካሜራ

ማለዳዬ፣ እኔም እንዳንቺ ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነኝ፣ በመንገድ ላይ ነው የማነሳው፣ ስለዚህ ወንዶቹ ያላነሱትን ልንገርሽ።

ትልቅ ካሜራ ስታወጪ መንገዱ ይቀየራል። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ዘበኛ ይመጣል፣ «ለምንድነው የምታነሺው» ይባላል። እኔ የያዝኩት ሪኮ ጂአር ስሪ ነው። ከነባትሪው 257 ግራም ነው። የጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። ሴንሰሩ ግን ከ600ዲው ትንሽ ይሰፋል እንጂ አያንስም። በ2019 ነው የወጣው፣ የመንገድ ፎቶ የሚወዱ ሰዎች እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩታል።

የሚወዱበትን ምክንያት ላሳይሽ። ፎከሱን አስቀድመሽ ሁለት ሜትር ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ከዚያ ቁልፉን አንዴ ጠበቅ አድርገሽ ስትጫኚው ፎከስ ልፈልግ ሳይል ያነሳል። ሰሞኑን ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ሰማዩን አዩ፣ ዝናብ መጣ መሰለኝ አሉ። ሰማዩን ያዩበትን አግኝቻለሁ። ትልቅ ካሜራ ከቦርሳ እስካወጣ ሰልፉ ራሱ ይሄድ ነበር። በኋላ አሳየኋቸው፣ ለልጃቸው በቴሌግራም አስላኩኝ።

ጉድለቱንም አልደብቅሽም። ዓይንሽን የምታስጠጊበት መስኮት የለውም፣ በስክሪን ብቻ ነው፣ ቀትር ላይ ምንም አይታይም። ባትሪው 200 ፎቶ ገደማ ነው፣ ሁለት ተጨማሪ ያስፈልግሻል። አቧራ መከላከያ የለውም፣ እኔ ሁሌ በጨርቅ ከረጢት ነው የምይዘው። ሌንሱም 28 ሚሜ እንደማለት ስለሆነ ሰፊ ነው፣ ለጧፏ እናት ፊታቸው ድረስ መጠጋት ይኖርብሽ ነበር። በጸሎት መሃል እሱን እንደማታደርጊው አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የትኛውንም ብትገዢ ይጠቅምሻል። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው በፀሐይ ስታነሺ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊታችን ጥቁር ይሆናል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ አንድ ገደማ ውሰጂው። ለጧፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጨለማውን አይቶ ሊያበራው ይሞክራል፣ እሳቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ወደ ማይነስ አንድ። የኛን ፊት የሚያውቅ ካሜራ የለም፣ እኛ ነን የምንነግረው።

ጉጉት

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ወፍ የሚያነሳ ሰው እንደሌለ አድርገው ስለጻፉ ነው የገባሁት።

እዚህ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ ማለዳ ብትመጪ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ሰው መሃል ይቆማሉ፣ እነሱን በስልክም ማንሳት ይቻላል። ሐይቁ ላይ ዓሣ ይዞ የሚነሳውን ንስር ግን በ35 ሚሜ አታገኚውም። የዱር እንስሳ የሚያነሱ ሰዎች ለብዙ ዓመት የወደዱት ኒኮን ዲ500ን ነው። የ2016 ካሜራ ነው፣ በሴኮንድ 10 ያነሳል። ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ስለሚያንስ 300 ሚሜ ሌንስ 450 እንደሆነ ያህል ያቀርብልሻል። እኔ ባሌ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስትቆፍር ያነሳሁት በሱ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ባትሪ በብርዱ ቶሎ ይወርዳል። ትርፉን ባትሪ ጋቢዬ ውስጥ ደረቴ ላይ አድርጌው ነበር።

ላንቺ አልመክርሽም፣ የምታነሺው ሌላ ነው። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ዘመድ ቤት አሮጌ የኒኮን ሌንስ አለ ብለሽ ኒኮን ለመግዛት ካሰብሽ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ዲ ወይስ ኤኤፍ-ኤስ እንደሚል እዪ። ኤኤፍ-ዲ ሞተር የለውም። እንደ ዲ3500 ባሉት ትንንሾቹ ካሜራዎች ላይ በራሱ ፎከስ አያደርግም፣ አዲሶቹ ሚረርለሶች ላይም ኒኮን በሠራው በኤፍቲዚ አዳፕተር ቢገጠም አያደርግም። በእጅሽ እያዞርሽ ነው።

ፖቶማክ

ከዲሲ አካባቢ ነኝ፣ ሶኒን ማንም ስላላነሳ ላንሳው። በ2013 ሶኒ ኤ7ን ሲያወጣ ሌንሱ የሚቀየር፣ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ፉል ፍሬም ሚረርለስ አልነበረም። በ2018 ኤ7 ስሪ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ሰው ከዲኤስኤልአር (መስታወት ካላቸው ካሜራዎች) ወደ ሚረርለስ የተሻገረው በሱ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። ዓይን ይከተላል፣ ልጆቼ ሲሯሯጡ እንኳ ዓይናቸውን አይለቅም። በአንድ ባትሪ 700 ፎቶ ገደማ ይሄዳል። ሌላው ጥቅሙ ሲግማ፣ ታምሮን፣ ሳምያንግ፣ ሁሉም ለሶኒ ሌንስ ይሠራሉ፣ ርካሽ ነገር አታጪም። ችግሩ ያገለገለው ካሜራው ብቻውን ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፣ ለሌንስ አይተርፍሽም። ስለዚህ እንደ ባለ ሰርጉ እላለሁ፣ ሌንስ የሌለው ጥሩ ካሜራ ምን ያደርግልሻል።

ለአክስትሽ ልጅ ንገሪው፣ ከግለሰብ አይግዛ። እኔ ከአንድ ግለሰብ በኢንተርኔት ሌንስ ገዝቼ ሳየው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ነበር። ሰውየው መልስ አልሰጠኝም። እዚህ ያገለገለ ዕቃ መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ መመለሻ ጊዜ ጨምረው የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን እንቅልፍ ትተኛለሽ። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቅ። 6ዲ ለ100 ሺህ ነው የተለካው፣ ኤ7 ስሪ ለ200 ሺህ። ያንን አለፈ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፣ ግን ዋጋው መውረድ አለበት። ደግሞ ቀድሞ ይግዛና ሳይሳፈር አንድ ሳምንት ይሞክረው፣ እዚያ ከደረሰ በኋላ መመለስ የለም።

ማለዳ_አንሺ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሽ ጉጉት፣ የቀበሮዋን ፎቶ ቢያሳዩን ደስ ይለኛል።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፣ አሁን ሳነብ ነው የገባኝ። ቤተክርስቲያን ውስጥ 600ዲው ቀጭ ባለ ቁጥር ሰው ዞር ይላል። ቅዳሴ ላይ ያን ድምፅ ማሰማት ይከብደኛል፣ ብዙ ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ትቼው ነው የምወጣው። 6ዲ ድምፁ እንዴት ነው?

ባለ_ሰርጉ

ዝቅ የሚያደርግበት ዘዴ አለው፣ ግን መስታወቱ መነሳት መውረዱ ስለማይቀር ይሰማል። እንዲህ እናድርግ። የኔ አሮጌ 6ዲ ከ50 ሚሜው ጋር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ስቱዲዮዬ መገናኛ ነው፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ ለእሁድ ውሰጂው። ሰኞ ትመልሺዋለሽ። ሞክረሽ ወስኚ እንጂ በወሬ አትግዢ።

ፍራንክፈርት_ጎዳና

ድምፅ ከሆነ ጉዳዩ፣ ብዙዎቹ ሚረርለሶች ኤሌክትሮኒክ ሻተር አላቸው፣ ኤክስ-ቲ3ም አለው። ጭራሽ አይሰማም። ሰውየው አጠገብሽ ቆሞ እንኳ ማንሳትሽን አያውቅም፣ ስለዚህ ማስፈቀዱን አትርሺ። አንድ ነገር ብቻ፣ የኤልኢዲ መብራት ባለበት ቦታ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ሊያወጣ ይችላል። በጧፍና በቀን ብርሃን ችግር የለም።

ማለዳ_አንሺ

ሰኞ ማታ ነው፣ 6ዲውን መልሼ ከባለ ሰርጉ ስቱዲዮ አሁን ገባሁ። ቡናም ጠጣሁ፣ ባለቤቱም ጥሩ ሰው ናት።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከማለዳው 11 ሰዓት ላይ ገና ሳይነጋ ቅጥሩ ውስጥ ነበርኩ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 6400፣ ኤፍ 1.8፣ 1/100። ማይነስ አንድ ላይ አደረግኩት፣ ኪስ_ካሜራ እንዳለችው። አንድ ዲያቆን በር ላይ ጧፍ ሲያበራ አነሳሁ። ጣቱ ላይ የቀለጠው ሰም ሳይቀር ይታያል። አንድም አልተንቀጠቀጠም። ስክሪኑ ላይ ሳየው እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ እውነት ነው የምላችሁ። ስለ ሌንሱ የተባለው ሁሉ ልክ ነው።

ግን ድምፁ አለ። ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ አንዴ አንስቼ ሁለተኛውን ለማንሳት አልደፈርኩም። ክብደቱም ከሌንሱ ጋር አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ እስከ ቅዳሴው መጨረሻ አንገቴ ላይ ተሰማኝ። ኤክስ-ቲ3 ከ35 ሚሜው ኤክስሲ ጋር 670 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ እሱን ይዞልኝ እንዲመጣ ለአክስቴ ልጅ ዛሬ ደወልኩለት። ለ600ዲው ደግሞ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ገዝቼ ለጓደኛዬ ልሰጣት ነው ያሰብኩት፣ ሁለት ዓመት ካሜራዋን ያለምንም ቅሬታ ነው ያዋሰችኝ። እሱን ከደሞዜ ቀስ ብዬ እችለዋለሁ።

ጂአር ስሪን በጣም ወድጄዋለሁ ኪስ_ካሜራ፣ አንድ ቀን እሱንም እይዛለሁ።

ፖቶማክ

ጥሩ ምርጫ ነው። ዕቃው እጁ ሲገባ የአክስትሽ ልጅ እንዲህ ያድርግ። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ ይዝጋው፣ ደመና የሌለበት ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ፎከሱን አጥፍቶ ያንሳ፣ ከዚያ አስፍቶ ይየው። ጥቋቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፣ አንድ ሁለት ከሆነ ይጸዳል፣ ከበዛ ይመልሰው። ሁለቱም የካርድ ቦታዎች ላይ ካርድ አስገብቶ ይሞክር። መደወያዎቹ አንድ በአንድ ሲዞሩ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አብሮ ይቀየር እንደሆነ ይይ። ባትሪውን ከእጅ ሻንጣው እንዳያወጣው፣ ከካሜራው የወጣ ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ መላክ አይፈቀድም።

ጉጉት

ልጄ፣ የቀበሮዋን ፎቶ ነገ እለጥፈዋለሁ። አንቺም የዲያቆኑን ለጥፊልን።